ዙም አያቀርብም

ስለ ካሜራና ስለ ሩቅ ማያ መነጽር በተነገረ ቁጥር ዙም የሚባለው ሌንስ «ሩቁን ያቀርባል» ሲባል እንሰማለን። ሻጩ ይህንኑ ይላል፤ ገዢው ይደግመዋል፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው ግን መምህሩም ጠመኔውን ይዞ በሰሌዳው ፊት ይህንኑ ማለቱ ነው። አባባሉ የዕለት ንግግር ብቻ ቢሆን ኖሮ የሚተች ባልሆነ ነበር። «ፀሐይ ወጣች» ስንል የምትዞረው ምድር መሆኗን ክደን አይደለም፤ ልማድ ነው። ነገር ግን ፀሐይ ወጣች የሚለውን አባባል በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ እናርመዋለን፤ ዙም ያቀርባል የሚለውን በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ የሚያርመው ግን ጥቂት ነው። ይህ ሂስ የተነሣውም ከዚህ ነው። ቃሉ ትክክል አለመሆኑ ብቻ ሳይሆን፣ የሌንሱን አሠራር ከተማሪው ይሰውረዋል፤ ከዚያም አልፎ ተማሪው ነገ መሣሪያ ሲገዛ፣ ፎቶግራፍ ሲመለከት፣ ማስረጃ ሲመዝን ያስተዋል።

ማቅረብና ማጉላት የተለያዩ መሆናቸውን ለማሳየት ብዙ ሒሳብ አያስፈልግም። አንድ ሰው ከእኛ 10 ሜትር ርቆ ቆሟል እንበል፤ ከኋላው ደግሞ ከእኛ 100 ሜትር የሚርቅ ሕንፃ አለ። ዙሙን አዙረን የሌንሱን የትኩረት ርቀት በእጥፍ ብናሳድገው የሰውየው ምስል እጥፍ ይሆናል፤ የሕንፃውም ምስል እጥፍ ይሆናል። በሁለቱ መካከል ያለው የመጠን ዝምድና አይለወጥም። አሁን ዙሙን ትተን በእግራችን 5 ሜትር ወደፊት እንራመድ። ሰውየው በ5 ሜትር ላይ ስለሚሆን ምስሉ እጥፍ ይሆናል፤ ሕንፃው ግን ከ100 ሜትር ወደ 95 ሜትር ብቻ ስለ ቀረበ ምስሉ ያደገው ከመቶ 5 ያህል ነው። እግራችን ያቀረበን ወደ ሰውየው ነው። ዙሙ ያደረገው ግን ከሥዕሉ መካከል ትንሽ ቁራጭ ወስዶ መላውን ፍሬም እንዲሞላ መዘርጋት ነው፤ ከቆምንበት ቦታ አንዲት ስንዝር አላንቀሳቀሰንም።

ለዚህ ሲኒማ ጥሩ ማስረጃ ይሰጣል። አልፍሬድ ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1958 ባወጣው «ቨርቲጎ» በተባለው ፊልም ውስጥ፣ ከፍታ የሚያስፈራውን ሰው ራስ ማዞር ለማሳየት ካሜራው ወደ አንድ አቅጣጫ ሲንቀሳቀስ ዙሙ በተቃራኒው እንዲሠራ ተደርጓል። የደረጃው ጉድጓድ በተመልካቹ ዓይን ፊት ሳይሰፋና ሳይጠብ ወደ ታች ብቻ ይለጠጣል። እንግዲህ ዙም ማለት መቅረብ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ተቃራኒ እንቅስቃሴዎች እርስ በርሳቸው ተጣፍተው በሸራው ላይ ምንም ለውጥ ባልታየ ነበር። ተመልካቹን ያዞረው ዙምና መራመድ አንድ አለመሆናቸው ነው።

በሠርግ ቪዲዮ አንሺዎቻችን ዘንድ ግን ዙም የእግር ምትክ ሆኖ ቆይቷል። ቀለበት ሲጠለቅ ወደ ጣት፣ እናት ሲያለቅሱ ወደ እንባ፣ ኬክ ሲቆረስ ወደ ቢላዋ ይወረወራል። ተመልካቹ እንባውን ያያል፤ እናቲቱ ከማን አጠገብ እንደ ቆሙ ግን አያውቅም። ይህን የምለው የሙያውን ሰዎች ለመንቀፍ ብቻ አይደለም፤ በተጨናነቀ ድንኳን ውስጥ ካሜራ ተሸክሞ መራመድ ምን ያህል እንደሚያስቸግር የታወቀ ነው።

ጉዳዩ ከሥዕል ውበት አልፎ የዕውቀት ጉዳይ የሚሆንበትን ቦታ ለማሳየት ከጅቡቲ ከተማ የሀራሙስን ሰፈር ልውሰድ። ሀራሙስ በኤምባሲዎችና በግቢ በተከበቡ መኖሪያ ቤቶች የምትታወቅ ሰፈር ናት። በጅቡቲ የሚኖሩ ወገኖቻችን ስለ እርሷ ሲያወሩ ባመዛኙ የሚያነሡት ይህንኑ ነው። ከቤቶቹ ባሻገር ግን ባሕሩ ሲሸሽ የሚገለጥ የጭቃና የአሸዋ ሜዳ አለ፤ ማንግሮቭ የሚባለው በጨዋማ ውኃ ውስጥ የሚበቅለው ዛፍም አለ። ከሀራሙስ ተነሥቶ በሶማሌ ድንበር እስካለችው ሎያዳ የሚዘልቀው ይህ የባሕር ዳርቻ 3,000 ሄክታር ያህል ስፋት ያለው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በራምሳር ስምምነት መሠረት ዓለም አቀፍ ጠቀሜታ ካላቸው ረግረጋማ ቦታዎች አንዱ ሆኖ ተመዝግቧል። ለዚህ ክብር ካበቁት ነገሮች ዋነኞቹ ወፎቹ ናቸው። ከአውሮፓና ከእስያ ክረምት ሸሽተው የሚመጡ ረጃጅም እግር ያላቸው የጭቃ ላይ ወፎች፣ ፍላሚንጎዎች፣ ሸርጣን እየለቀመ የሚኖረውና በአሸዋ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ እንቁላሉን የሚጥለው ጥቁርና ነጩ ሸርጣን በል ወፍ በዚህ አካባቢ ዳርቻዎች ይታያሉ።

እንዲህ ባለ ቦታ በእግር መቅረብ አይቻልም። ጭቃው እግር ይውጣል፤ ሰው ብቅ ሲል መንጋው ይነሣል። ስለዚህ ወፍ ተመልካቾች የሚጠቀሙት በባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ የተተከለ፣ የዓይን ሌንሱ ዙም የሆነ ቴሌስኮፕ ነው። በብዙዎቹ ላይ «20–60» ተብሎ ተጽፏል። ቁጥሩ የሚገኘው የፊት ሌንሱን የትኩረት ርቀት ለዓይን ሌንሱ የትኩረት ርቀት በማካፈል ነው። የፊተኛው 480 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ የዓይን ሌንሱ 24 ሚሊ ሜትር ሲሆን 20 ጊዜ ያጎላል፤ ቀለበቱ ተዙሮ ወደ 8 ሚሊ ሜትር ሲወርድ 60 ጊዜ ያጎላል። አዲስ ገዢ መሣሪያውን እንዳገኘ ቀለበቱን እስከ መጨረሻው አዙሮ በ60 ላይ ይተወዋል። ያቀርባል ተብሎ የተነገረው ሰው ይህን ቢያደርግ ምን ይፈረድበታል? ባለ 60ው ከባለ 20ው በሦስት እጥፍ የቀረበ ይመስለዋልና።

እስቲ የሚከፍለውን ዋጋ እንይ። በመጀመሪያ መስኩ ይጠባል። በ20 አንድ መንጋ በሙሉ የሚይዘው ክብ በ60 የመንጋውን ጥግ ብቻ ይይዛል፤ ቆጣሪው የቆጠረውን ካልቆጠረው መለየት ይሳነዋል። ከዚያ ብርሃኑ ያንሳል። የፊት ሌንሱ ስፋት 80 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ በ20 ከመነጽሩ ወደ ዓይን የሚወጣው የብርሃን ክብ 80 ለ20 ተካፍሎ 4 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ በ60 ግን 1.3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ጎሕ ሲቀድ የዓይናችን ብሌን ሰፍቶ ብርሃን በሚጠማበት ሰዓት ይህ ማለት ምስሉ 9 ጊዜ ያህል ይደበዝዛል ማለት ነው።

ከሁለቱም የከፋው ግን የአየሩ ነገር ነው። ጅቡቲን የሚያውቅ ሰው ፀሐይዋ ጥቂት ከፍ እንዳለች ከመሬት የሚነሣው ግለት አየሩን እንዴት እንደሚያንቀጠቅጠው ያውቃል። በወፉና በመነጽሩ መካከል 200 ሜትር የሚንቀጠቀጥ አየር አለ። ዙም ያንን 200 ሜትር አላጠፋውም፤ የምር አቅርቦ ቢሆን ኖሮ ያጠፋው ነበር። ይልቁንም ወፉን 60 ጊዜ ሲያጎላ ንዝረቱንም 60 ጊዜ አጎላው። ስለዚህ ከረፋዱ በኋላ በ60 የሚታየው ወፍ እንደ ነበልባል የሚወዛወዝ ቅርጽ ብቻ ይሆናል፤ ወደ 30 ወይም ወደ 20 ሲመለስ ግን ትንሽም ብትሆን የጠራች ወፍ ትታያለች። ልምድ ያለው ተመልካች በማለዳ ይወጣል፤ በ20 ይቆጥራል፤ አንድን ነገር ለመለየት ሲፈልግ ብቻ ቀለበቱን ያዞራል። ለምሳሌ በአቢጃታ ሐይቅ እንደምናያቸው ሁለት ዓይነት ፍላሚንጎዎች፣ የትልቁ መንቆር ጫፉ ብቻ ጥቁር ሲሆን የትንሹ ባመዛኙ የጠቆረ ነው፤ ይህን ለማየት ማጉላት ያስፈልጋል። ምን ያህል ወፍ እንዳለ ለማወቅ ግን ማጉላት እንቅፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 መጸው ጄፍና ሂላሪ ዌልች የተባሉ እንግሊዛውያን ከየመን ባብ ኤል መንደብን ተሻግረው ወደ ጅቡቲ የሚገቡ ወደ ሩብ ሚሊዮን የሚጠጉ ንስሮችንና ጭልፊቶችን ቆጥረዋል። እንዲህ ያለው የሰማይ ሰልፍ በጠባብ ቀዳዳ እየታየ የሚቆጠር አይደለም።

ሌላም አለ። ከሀራሙስ ወገን በረጅም ዙም የተነሣ ሥዕል በጭቃው ላይ የቆመውን ወፍና ከእርሱ በስተ ኋላ ከባሕሩ ላይ ያለውን መርከብ ጎን ለጎን የተቀመጡ ያስመስላቸዋል። ወፉ 200 ሜትር፣ መርከቡ 2 ኪሎ ሜትር ቢርቁ በመካከላቸው ያለው ርቀት ተጨፍልቆ ይጠፋል። ይህ የሚሆነው ዙሙ አንዳች ተንኮል ስለሚሠራ አይደለም፤ ከሩቅ ቆመን ስላየን ነው። በባዶ ዓይን ብናይም የሁለቱ የመጠን ዝምድና ያው ነው፤ ነገር ግን ትንሽ ስለሆነ ልብ አንለውም። ጉዳዩ የወፍ ብቻ ሆኖ ቢቀር በሳቅ ባለፍነው። ነገር ግን በዚሁ መንገድ ተራርቀው የቆሙ ሰዎች የተፋፈጉ ሕዝብ ይመስላሉ፤ ኪሎ ሜትር የተራራቁ የጭነት መኪናዎች የተቆላለፉ ይመስላሉ። ጋዜጣ የሚያነብ ተማሪ «ይህ ሥዕል ከምን ያህል ርቀት ተነሣ?» ብሎ እንዲጠይቅ ያስተማረው አለ? ዙም ያቀርባል የተባለ ተማሪ ፎቶግራፍ አንሺው በሕዝቡ መካከል የቆመ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ጥያቄው አይነሣበትም።

በነገራችን ላይ መምህራን ተማሪዎችን ወደ እንዲህ ያለ ዳርቻ ይዘው ለመውጣት ቢያስቡ አስቀድመው ፈቃድ ይጠይቁ። በጅቡቲ ወደብን፣ አውሮፕላን ማረፊያንና የጦር ሠፈርን ፎቶግራፍ ማንሣት የተከለከለ ነው፤ በኤምባሲዎች ሰፈር በማቆሚያ ላይ የተተከለ ረጅም መነጽር የያዘ ሰው ወፍ እያየ መሆኑን ጥበቃው በምን ያውቃል? በእግሩ የሚቀርብ ሰው ይታያል፤ ይጠየቃል፤ መልስ ይሰጣል። ዙም ይህን ሁሉ ስለሚያስቀር ይወደዳል፤ በዚያው ልክም ያስጠረጥራል።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ፤ ቃሉ ከተማሪው የሰወረው ትልቁ ነገር እዚህ ላይ ነውና። ዙም የሚለውጠው ርቀትን ሳይሆን የትኩረት ርቀትን ነው። ታዲያ የአንድ ሌንስ የትኩረት ርቀት በመስታወቱ ቅርጽ የተወሰነ ሆኖ ሳለ እንዴት ይለወጣል? የአንዱ አይለወጥም፤ የሁለቱ አንድ ላይ ግን ይለወጣል።

መሐሉ የወፈረ ሰብሳቢ ሌንስና መሐሉ የሳሳ በታኝ ሌንስ እንውሰድ፤ የሁለቱም የትኩረት ርቀት 10 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ የበታኙ ግን በሒሳብ ሲጻፍ ከዜሮ በታች ነው። ሁለቱን አነካክተን ብንይዛቸው አንዱ የሰበሰበውን ሌላው ይበትነዋል፤ የመስኮት መስታወት ያህል ሆኑ ማለት ነው። ነገር ግን ሰብሳቢውን ከፊት፣ በታኙን ከኋላ አድርገን በመካከላቸው ክፍተት ብንፈጥር፣ ጨረሩ በታኙ ጋ ሲደርስ ወደ መሐል ተጠግቷል። ወደ ሌንስ መሐል የተጠጋ ጨረር ደግሞ እምብዛም አይታጠፍም፤ ስለዚህ የበታኙ ኃይል ይዳከማል፤ ሰብሳቢው ያሸንፋል። በዚህ ምሳሌ የሁለቱ የጋራ የትኩረት ርቀት በሴንቲ ሜትር 100 ለክፍተቱ ተካፍሎ ይገኛል። ክፍተቱ 5 ሲሆን 20 ይሆናል፤ ክፍተቱ 4 ሲሆን 25፤ ክፍተቱ 2.5 ሲሆን 40 ይሆናል። ከ20 ወደ 40 ስንሄድ የሩቅ ዛፍ ምስል በእጥፍ ያድጋል። መስታወት አልተለወጠም፤ ዛፉም አልተነቃነቀም፤ የተለወጠው የ2.5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ብቻ ነው።

ብዙዎች እዚህ ሲደርሱ ዙምን የጨረሱት ይመስላቸዋል። የዙም ጥበብ ግን የሚጀምረው ከዚህ ነው። ምክንያቱም ምስሉ መጠኑን ሲለውጥ ቦታውንም ይለውጣል። በክፍተት 5 ምስሉ ከበታኙ ሌንስ በስተ ኋላ በ10 ሴንቲ ሜትር ላይ ይወድቃል፤ በክፍተት 4 በ15 ላይ፤ በክፍተት 2.5 በ30 ላይ። ፊልሙ ወይም ሰሌዳው ባለበት ከቆየ ሥዕሉ ይደበዝዛል። ስለዚህ ክፍተቱን ስንለውጥ ሁለቱንም ሌንሶች አንድ ላይ ማንቀሳቀስ አለብን። ከሰሌዳው ስንለካ፣ ለትኩረት ርቀት 20 በታኙ በ10፣ ሰብሳቢው በ15 ይቆማል፤ ለ25 በታኙ በ15፣ ሰብሳቢው በ19፤ ለ40 በታኙ በ30፣ ሰብሳቢው በ32.5 ይቆማል። ቁጥሮቹን ልብ ብሎ ለተመለከታቸው የሚያስደንቅ ነገር ይገኝባቸዋል። በመጀመሪያው እርምጃ በታኙ 5 ሲሄድ ሰብሳቢው 4 ሄደ፤ በሁለተኛው በታኙ 15 ሲሄድ ሰብሳቢው 13.5 ሄደ። ሁለቱ እኩል አይሄዱም፤ የሚበላለጡበትም ልክ ቋሚ አይደለም።

አንድ እጅ አንድ ቀለበት እያዞረ ሁለት ሌንሶችን በዚህ በማይስተካከል ፍጥነት እንዴት ይነዳል? መልሱ በሌንሱ ቱቦ ውስጥ የተቀረጸ ጠማማ ቦይ ነው። ቀለበቱ ሲዞር ከእያንዳንዱ ሌንስ መያዣ የወጣች ትንሽ ምስማር በየራስዋ ቦይ ውስጥ ትነዳለች፤ ቦዮቹ ጠማማነታቸው ስለሚለያይ አንዱ ሌንስ ሲፈጥን ሌላው ይዘገያል። ከላይ የጻፍናቸው ቁጥሮች በብረት ላይ የተቀረጹ ናቸው ማለት ነው። በእውነተኛው ዙም ውስጥ ሁለት ሌንስ ብቻ አይደለም ያለው፤ የቀለም ጥልፍልፍንና የጠርዝ መጣመምን ለማረም አሥርም አሥራ አምስትም መስታወት በቡድን በቡድን ይደረደራል። መሠረቱ ግን ይኸው ነው፤ አንዱ እንቅስቃሴ መጠኑን ይለውጣል፤ ሌላው ምስሉን ወደ ቦታው ይመልሳል።

ብርሃኑም አይዘነጋ። ከፊት ያለው ሰብሳቢ ሌንስ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ቢኖረው፣ በትኩረት ርቀት 20 ላይ ዝምድናው አራት ለአንድ ነው፤ በ40 ላይ ስምንት ለአንድ። ያው ብርሃን በአራት እጥፍ ስፋት ላይ ስለሚሠራጭ ምስሉ በሩብ ያህል ብቻ ይበራል። ረጅም ዙም የሚይዙ ካሜራዎች የፊት መስታወታቸው እንደ ሳህን የሚሰፋው ለዚህ ነው።

የታሪኩ ሂደትም ይህንኑ ችግር ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1932 የእንግሊዙ ቴይለር ሆብሰን ኩክ ቫሮ የተባለውን፣ ከ40 እስከ 120 ሚሊ ሜትር የሚዘልቅ የሲኒማ ሌንስ አወጣ። በ1940ዎቹ ፍራንክ ባክ በአሜሪካ ዙማር የተባለውን ለቴሌቪዥን ሲሠራ ሌላ መንገድ መረጠ፤ የሚንቀሳቀሱት ሌንሶች ሁሉ አንድ ላይ ተያይዘው እኩል ይሄዳሉ፤ ምስሉ በጥቂት ነጥቦች ላይ ብቻ በትክክል ቦታው ላይ ይውላል፤ በመካከል ያለችው ፈቀቅ ማለት ዓይን እንዳያውቃት ትንሽ ሆና ትቀራለች። ጠማማ ቦይ መቅረጽን አስቀረ፤ በዋጋው ግን ፍጹም ጥራትን አጣ። እ.ኤ.አ. በ1959 ለፎቶግራፍ ካሜራ የወጣው ፎክትሌንደር ዙማር፣ ከ36 እስከ 82 ሚሊ ሜትር፣ ከዚሁ ስም የመጣ ነው። ፈረንሳዊው ፒየር አንዤኒዩ የሠራው ባለ አሥር እጥፍ ዙም፣ ከ12 እስከ 120 ሚሊ ሜትር፣ ለብዙ ዓመታት የዜና ካሜራ ሰዎች የዘወትር ጓደኛ ሆኖ ኖሯል። ዛሬ ቦዩን በኮምፒውተር የሚመራ ማሽን ስለሚቀርጸው ጠማማው መንገድ አሸንፏል። ይሁን እንጂ በዙም ስም ከሚሸጡት የፎቶግራፍ ሌንሶች ብዙዎቹ ሲዞሩ ምስሉን ፈቀቅ ያደርጉታል፤ ካሜራው በራሱ ሞተር ፈጥኖ ስለሚያጠራው ባለቤቱ አያውቅም።

እንግዲህ ወደ ትምህርታችን ልመለስ። በክፍል ውስጥ የምንሥለው ሥዕል የታወቀ ነው፤ አንድ ሌንስ፣ አንድ የቆመ ቀስት፣ ሦስት ጨረር። መጀመሪያ መሆኑ መልካም ነው፤ ጥፋቱ መጨረሻም መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲያ ካሜራ፣ ማይክሮስኮፕ፣ ቴሌስኮፕ በስም ይዘረዘራሉ፤ ተማሪው ቁጥር ከቀመር ውስጥ ይከትታል፤ የትኩረት ርቀት በጥያቄው ላይ ተሰጥቶ የሚመጣ፣ ከቶ የማይነቃነቅ ነገር ይሆንበታል። ዓይንም እንደ ካሜራ ነው ተብሎ ይታለፋል። ይህ ደግሞ ሌላ ግራ መጋባት ይወልዳል። የዓይን ሌንስ ቅርጹን ለውጦ የትኩረት ርቀቱን ይለውጣል፤ ይህን የሚያደርገው ግን የቅርቡንም የሩቁንም በየተራ በሬቲና ላይ አጥርቶ ለማሳረፍ ነው፤ ለማጉላት አይደለም። ማጥራትና ማጉላት በተማሪው አእምሮ አንድ ሆነው ከተቀመጡ ዙምን ማስረዳት አይቻልም። በመምህራን ማሠልጠኛ የሚገኝ ዕጩ መምህር ይህን ልዩነት በእጁ ሳይነካው ከወጣ፣ በየዓመቱ ለሚቀበላቸው ተማሪዎች የሚያስተላልፈው ያንኑ «ያቀርባል» የሚለውን ቃል ነው።

አንዳንድ ባልደረቦች «ዛሬ ተማሪው ስልኩን በሁለት ጣት ሲዘረጋው ዙም ምን እንደሆነ ያያል» ይላሉ። የሚያየው ግን ዙምን አይደለም። በጣት የሚዘረጋው ሥዕል በአብዛኛው መቀስ ነው። 12 ሚሊዮን ነጥብ ያለው ሥዕል 4 ጊዜ ሲዘረጋ በቁመትም በወርድም አራተኛው ብቻ ስለሚቀር የተረፈው 750 ሺህ ነጥብ ነው፤ ሌላውን መሣሪያው በግምት ይሞላዋል። ጀርባቸው ላይ ሁለትና ሦስት ሌንስ የተደረደረባቸው ስልኮችም ቢሆኑ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላሉ እንጂ በመካከል ያለውን በመቀስ ነው የሚያሟሉት። ሌንሱ በእርግጥ ውስጥ ለውስጥ ተንቀሳቅሶ የትኩረት ርቀቱን ሳያቋርጥ የሚለውጥበት ስልክ፣ ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2022 እንዳወጣው ያለ፣ ጥቂት ነው። በማሸጊያው ካርቶን ላይ ግን ሁለቱም «ዙም» ተብለው ይጻፋሉ፤ ትልቁም ቁጥር የመቀሱ ነው።

«ሌንስ የለንም» የሚለው መልስ ደግሞ ብዙ አያስኬድም። ለንባብ የሚሸጠው ባለ 2 ዲዮፕትር መነጽር 50 ሴንቲ ሜትር የትኩረት ርቀት ያለው ሰብሳቢ ሌንስ ነው፤ ሩቅ ማየት የሚቸግረው ሰው የሚያደርገው ባለ 2 ዲዮፕትር መነጽር ደግሞ ያው 50 ሴንቲ ሜትር ያለው በታኝ ሌንስ ነው። ክፍሉን አጨልሞ፣ አንዱን መስኮት ብቻ ከፍቶ፣ በጠረጴዛ ላይ የሜትር ዘንግ ማጋደም ይበቃል። የንባቡ መነጽር ወደ መስኮቱ ይሁን፤ ሌላው ከእርሱ 25 ሴንቲ ሜትር በስተ ኋላ፤ ነጭ ወረቀቱ ደግሞ ከሁለተኛው 50 ሴንቲ ሜትር በስተ ኋላ። የትኩረት ርቀቱ 100 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በውጭ ያለው ዛፍ ተገልብጦ በወረቀቱ ላይ ይታያል። ሩቅ የሆነ ነገር ይመረጥ፤ ለቅርብ ነገር ወረቀቱን ጥቂት ወደ ኋላ ማድረግ ያስፈልጋል። ቀጥሎ ክፍተቱ 20 ይደረግ፤ ወረቀቱን ከሁለተኛው መነጽር ወደ 75 ሴንቲ ሜትር ካልሳቡት ምስሉ አይጠራም። የትኩረት ርቀቱ 125 ሆኗል፤ ዛፉም በሩብ አድጓል። ሁሉም ነገር በአንዱ ሜትር ዘንግ ላይ ያልቃል። ወረቀቱን ሳይነኩ፣ መነጽሮቹን ብቻ በማንቀሳቀስ ምስሉን እንዲያጠሩ ለተማሪዎቹ ይተው፤ የቦዩን ጠማማነት ራሳቸው በእርሳስ ምልክት እያደረጉ ያገኙታል።